አሮጌ ሞተር ማደስ ያዋጣል? የድሬዳዋ ሒሳብ

አሮጌ ሞተር ሳይክል አድሶ መሸጥ ያዋጣል ወይ ብላችሁ ከሆነ የምትጠይቁኝ፣ አያዋጣም። አድሶ መንዳት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እሱም የትኛውን ሞተር እንደያዛችሁ ይወሰናል። አንዳንዱ በትንሽ ብር ነፍስ ይዘራል። አንዳንዱ የዓመት ደሞዝ በልቶም አይጠግብም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያው ዝገት ስለሆኑ ሰው ይሸወዳል።

የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ሳቢያን። መካኒክ አይደለሁም፣ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ቁልፍ መያዝ የለመድኩት ሰፈር ውስጥ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነው። እስካሁን ሁለት ሞተር አንስቼ ነድቻለሁ፦ ያማሃ ዲቲ 125 እና ሆንዳ ሲጂ 125። አንዲት ቬስፓ ደግሞ ሐረር ድረስ ሄጄ አይቼ ትቻታለሁ። ዋጋዎቹ የ2014 እና የ2015 ናቸው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለናረ፣ ብሩን ተዉትና አንዱ ወጪ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ እዩ።

ከያማሃዋ ልጀምር። ዲቲ 125 ቱ ስትሮክ ነች፤ ዘይትና ቤንዚን አብራ ታቃጥላለች። ልጅ ሳለን የግብርና ባለሙያዎች ገጠር ለገጠር የሚዞሩባት ከፍ ያለች ሞተር ነበረች አይደል? እሷ ነች። ያገኘኋት ለገሀሬ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ተደግፋ ነው። ወንበሯ ላይ ዶሮ ያድርበታል። ደላላው 30,000 ብሎ ጀመረ፣ በ22,000 ተስማማን።

የማይነሳ ሞተር ስትገዙ መጀመሪያ የማስነሻውን ፔዳል በእጃችሁ ተጫኑት። ጨርሶ እምቢ ካለ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል፤ ዋጋውን በግማሽ አውርዱ። ያለ ምንም ተቃውሞ ቁልቁል ከወረደ ደግሞ ወይ ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) አልቋል፣ ወይ ፒስተኑ ተበስቷል። የኔዋ መሐል ላይ ነበረች፤ ትንሽ ትገፋለች፣ ግን ደከም ብላለች። ያ ጥሩ ምልክት ነው።

ቀጥሎ የማግኔቱን ክዳን ፍቱና ውስጡ ያለውን ከባድ ጎማ መሳይ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተነቃነቀ የክራንኩ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ኩሽኔታ ሄዷል። ቱ ስትሮክ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኩሽኔታው ሲያልቅ ጎኑ ያለው ፓራኦሊዮም (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አብሮ ይበላሻል። በተበላሸው ፓራኦሊዮ በኩል አየር ሾልኮ ይገባል። አየር ከበዛ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይነክሳል፤ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። የድሬን ሙቀት ስትጨምሩበት የሚሆነውን አስቡት። በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ከተበላሸ ደግሞ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል። ነጭ ጭስ በገፍ የሚተፋ ቱ ስትሮክ ካያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

የሚነሳ ሞተር ከሆነ ደግሞ ሻጩን አስቀድማችሁ «እስክመጣ እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አድርጉ። ከሞቀ ሰውየው የሚደብቀው ነገር አለ። የታመመ ሞተር አንዴ ከሞቀ በኋላ ማንም ሊያስነሳው ይችላል። ጉዱ የሚታየው ጠዋት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሊብሬ ላይ ነውና።

የያማሃዋ ሊብሬ በሟች አባት ስም ነበር። የሸጠልኝ ልጁ ነው። እሱ ብቻውን ወራሽ ቢሆን ቀላል ነበር። ግን እህትና ወንድም አለው፤ እህትየው ጅቡቲ ነች። ስለዚህ መጀመሪያ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያ ከእህትየው ውክልና፣ ከዚያ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ወስዶ ማጽደቅ፣ ከዚያ ስም ማዛወር። እኔ ቀብድ ብቻ ሰጥቼ ቀሪውን ውሉ ሲጸድቅ እከፍላለሁ ስላልኩ ልጁ ራሱ ሮጠልኝ። ሙሉውን ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ስልኬን የሚያነሳ አይመስለኝም። መጥፎ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ድሬ ላይ በዚያ ፀሐይ ለሌላ ሰው ጉዳይ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር የለም።

ስም ሲዛወር ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በሞተር ቁጥሩ ተጨቃጨቅን። ሊብሬው ላይ 3 የሚለው ሞተሩ ላይ ዝጎ 8 ይመስላል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄ የሌላ ሞተር ነው» አለ። ጓደኞቼ «በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ አድርገው» አሉኝ። እንዲህ ያለ ምክር እንዳትሰሙ። የተፋቀ ቁጥር የተሰረቀ ሞተር ይመስላል፤ አንዴ ከተፋቀ በኋላ ማስረዳት የለም። እኔ ናፍጣ የነከረ ጨርቅ ቁጥሩ ላይ አሳድሬ በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያልኩ አጸዳሁት። 3ቱ በራሱ ጊዜ ወጣ። ቀለም ቀቢ ጋ ስትሰጡም የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ራሳችሁ በፕላስተር ሸፍኑት። ቀቢው ስቱኮ ለጥፎበት የሚመጣው መዘዝ የናንተ ነው።

ሁለት ዓይነት ሞተር ደግሞ ከሩቁ ሽሹ። አንዱ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ያልተከፈለ ነው። የድርጅት ሞተር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፣ ቀረጡ ደግሞ ከሞተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው «ሊብሬው ጠፍቷል፣ ምትክ ይወጣል» የሚባለው ነው። ምትክ የሚወጣለት ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ካልመጣ ምትኩም አይመጣም። በጨረታ ከመሥሪያ ቤት የወጣ ሞተር ግን የጨረታው ደብዳቤና የክፍያ ደረሰኙ ካለ እንዲያውም ከብዙው የተሻለ ነው፤ ታሪኩ ይታወቃል።

ሞተሩን ራሴ ፈታሁት። ቴስታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ሳነሳ የፒስተኑ ጎን ተቧጭሯል። ሲሊንደሩን ማስፋት ሊኖርብኝ ነው፤ ሬክቲፊካ። ድሬዳዋ ያለ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው። ከተማዋን የወለዳት ባቡሩ ነው፤ በፈረንጆቹ 1902 ሐዲዱ እዚህ ደረሰ። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ደግሞ ትውልድ የሚሻገር ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሠራተኛ አፍርቷል። ባቡሩ ቢዳከምም ሰዎቹና ደቀ መዛሙርታቸው በየሰፈሩ አሉ። እኔ የሄድኩባቸው ሽማግሌ ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ጓሮ ቆርቆሮ ሥር አንድ ቶርኖና አንድ ማስፊያ ማሽን አላቸው። የሚሠሩት ጠዋትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። «ብረት ሲሞቅ ይዋሻል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሞቀ ብረት ስለሚሰፋ ልኬቱ አይታመንም።

ከኔ ፊት አንድ ወጣት የሱዙኪ ሲሊንደር ይዞ ቆሟል።

«ፒስተኑስ?» አሉት።

«ከአዲስ አበባ ይመጣል ጋሼ። እስከዚያ ይስፋልኝ።»

«ስንት ላስፋው?»

«ያው... ሃምሳ።»

«ሃምሳ ባይመጣስ? ሰባ አምስት ቢልኩልህስ? ሂድ ልጄ። ፒስተኑን ይዘህ ና።»

ለጀማሪ ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ብዙ የለም። የሚሰፋ ሲሊንደር ፒስተን በየ0.25 ሚሊ ሜትር እያደገ ይመጣል፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75፣ 1.00። የዲቲ 125 መደበኛ የሲሊንደር ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.50 ማለት 56.50 ማለት ነው። ግን ፋብሪካው 56.50 ብሎ የጻፈበት ፒስተን ሁሉ በትክክል እኩል አይደለም። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ ነው። አስቀድሞ የሰፋ ሲሊንደር ተመልሶ አይጠብም።

ተራዬ ሲደርስ ሽማግሌው ፒስተኔን ከኪሴ ሳወጣ አይተው ፈገግ አሉ። ሲሊንደሩን ተቀበሉና ማይክሮሜትር ከማንሳታቸው በፊት ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ ዙሪያ ዳሰሱ። «በማርሚታው በኩል ነው የበላው» አሉ። ከዚያ ለኩ፤ እንዳሉት ሆነ። በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ በጣም ስለሚግል ቱ ስትሮክ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እዚያ ነው። በፒስተኑና በግድግዳው መሐል ምን ያህል ክፍተት እንደሚተዉ ስጠይቃቸው «ለድሬ ትንሽ ላላ ይበል» ብለው ከመጽሐፉ በአንድ ፀጉር ጨመሩ። እስከ ዛሬ አልነከሰም።

ሒሳባቸው 1,200 ብር ነበር። ቀለም ቀቢው ከዚያ ብዙ እጥፍ ተቀብሎኝ «ነገ ና» ሲለኝ ከረመ። እንግዲህ የትኛው ሙያ እንደሚከብድ እናንተ ፍረዱ።

የቤንዚን ሰርባቶዮው ውስጡ ቀይ ዝገት ነበር። አዲስ ሰርባቶዮ ለዲቲ ማግኘት ከባድ ስለሆነ አሮጌውን ማዳን ግድ ነው። መድኃኒቱ ጓዳ ውስጥ አለ፤ አቼቶ። ቧንቧውን ፍቱና ቀዳዳውን ድፈኑ። አንድ ጭብጥ ትናንሽ ዳዶ ጨምሩበት፣ አቼቶውን እስከ አፉ ሙሉበት፣ ቀንና ሌሊት ይቀመጥ። በየመሐሉ ነቅንቁት። ሲደፋ የሚወጣውን ጥቁር ውኃ ብታዩ ቤንዚን ከዚህ ውስጥ ያልፍ ነበር ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ እጠቡት፤ ያለዚያ የቀረው አሲድ መብላቱን ይቀጥላል። ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቁት። በዚህ እንኳ ፀሐያችን ባለውለታ ነች። ሲደርቅ ሳትውሉ ሳታድሩ ትንሽ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ጨምራችሁ ነቅንቁት፤ ራቁቱን የቀረ ብረት በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ካርብሬተሩ በር ላይ ደግሞ ማጣሪያ ግጠሙ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ለኔም ሰልችቶኛል። የኔዋ ዲቲ ባለ 6 ቮልት ነች። ባለ 6 ቮልት አምፑል ፈልጋችሁ ብታገኙ ክብረ ወሰን ያስመዘገባችሁ ይመስላችኋል። ወደ 12 መቀየር ይቻላል፣ ግን የማግኔቱን ጥቅልል እንደገና መጠቅለልና ሬጉሌተር መጨመር ይጠይቃል። አምፑሉን ብቻ ቀይራችሁ እንዳትሞክሩት፤ ጭላንጭል ነው የምታገኙት።

ሒሳቡ ይኸው። ሞተሯ 22,000። ፒስተን ከነፋሻው ከአዲስ አበባ 4,500። ሬክቲፊካ 1,200። የክራንክ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ከነማስገጠሚያው 3,800። ሁለት ጎማ 9,000። ኤሌክትሪክ 5,000። ሰርባቶዮ፣ ላሜራና ቀለም 6,000። ወረቀት፣ ውክልና፣ ስም ማዛወር 7,000። ድምሩ 58,500 ብር። የኔ ጉልበት በነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ለመግዛት የመጣ ሰው የሰጠኝ ትልቁ ዋጋ 45,000 ነበር። እሱም ቀለሟን ወዶ ነው።

ከላይ ያለውን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሬክቲፊካው ከሁሉም ትንሹ ነው። ሰው ሞተር ማደስ ሲባል የሚፈራው የሞተሩን ሆድ መክፈት ነው። ብሩን የሚውጡት ግን ጎማው፣ ወረቀቱና ቀለሙ ናቸው። ስለዚህ «ሞተሩ ብቻ ነው የሞተው፣ ሌላው ሰላም ነው» የሚባል ሞተር ከተገኘ ጥሩ ግዢ ነው። «ሞተሩ ይሠራል፣ ሌላው ብቻ ትንሽ ይቀረዋል» የሚባለው ነው የሚያስፈራኝ። የዲቲዋ መለዋወጫ ደግሞ ሁልጊዜ ከአዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዴም ከጅቡቲ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። ለአንዲት ፓራኦሊዮ ሳምንታት ቆማለች።

ሆንዳዋ ሌላ ታሪክ ነች። ሲጂ 125ን ሆንዳ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ያወጣው እንደኛ ላሉ አገሮች አስቦ ነው፤ አቧራ ለሚበዛበት፣ ዘይት በጊዜው ለማይቀየርበት። ቫልቮላዎቹን የሚገፋው ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ እየረዘመ የሚላላ የውስጥ ካቴና የለውም። ከዚያ ቻይናዎች ይህንኑ ሞተር ገለበጡት። ዛሬ በየመንገዱ ከምታዩዋቸው የቻይና 125 ሞተሮች የብዙዎቹ ሆድ ዕቃ የሲጂ ቅጂ ነው። ለናንተ ይህ ምን ማለት ነው? ፒስተኑ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቫልቮላው እዚሁ ድሬ ሞተር ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ አለ። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሮጌውን ፒስተን ይዛችሁ ሄዳችሁ ጎን ለጎን አስተያዩትና ግዙ። የባጃጅ መካኒክ የሆነ ልጅ ሁሉ ደግሞ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ እጁን ፈቷል። ባጃጅ በሞላበት ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በ25,000 ገዛኋት። ፒስተንና ፋሻ 1,800፣ ሬክቲፊካ 1,200፣ ካርብሬተር 1,500፣ ካቴና ከነፒኞኑ 1,800፣ ጎማ 5,500፣ ካቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይትና ሌላ ትንንሽ ነገር 2,200። ድምሩ 14,000። ቀለም አልቀባኋትም፤ ጭረቷን እንደያዘች አጥቤ ሰም ቀባኋት። ሊብሬው በሻጩ ስም ስለነበር ወረቀቱ ያለ ጣጣ አለቀ፣ ወጪውንም ሻጩ ቻለ። ነድቻት ነድቻት በ48,000 ሸጥኳት። ተርፎኛል የምለው 9,000 ብር ነው። መሥሪያ የገዛሁበትንና የቅዳሜ እሁዶቼን ከቆጠርኩ ግን ያ ትርፍ አይባልም፤ የሻይ ነው። ከቀለሙ መቅረት አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፦ ገዢ አዲስ ቀለም ሲያይ ይጠራጠራል። «ምን ሊሸፍን ነው?» ይላል። አሮጌ ቀለም ላይ ንጹሕ ሞተር ሲያይ ዋጋ አይከራከርም።

አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ የሲጂ ቫልቮላ ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው የሚለካው። የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ስለሚያስጠላ ብዙ ልጆች ጥብቅ ያደርጉታል። ጥብቅ ሲሆን ድምፁ ይጠፋል፣ ቫልቮላው ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል። ትንሽ ቢንጫጫ ይሻላል።

ቬስፓዋን ያየሁት ሐረር ጁገል ውስጥ ነው። ቆንጆ ነበረች። በዚያ ጠባብ መንገድ፣ ነጭ የተቀባ ግንብ ሥር ቆማ ስትታይ ማንም ይፈተናል። ግን ቬስፓ እንደሌላው ሞተር ቧንቧ ሻንሲ የላትም። ቆርቆሮ አካሏ ራሱ ነው ሻንሲው። እግር የሚያርፍበት ወለል ከዛገ አጥንቷ ዛገ ማለት ነው። ምንጣፉን ገለጥ ሳደርግ መሬቱ ታየኝ። እዚህ ላይ ቆርቆሮ ለጥፎ መበየድ ለዓይን ይበቃል፤ ለመንገድ ግን አይሆንም፤ የብየዳው ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ይጠይቃል። ባለቤቱ የተከበሩ አባት ናቸው፤ የጠሩት ዋጋ የሞተር ሳይሆን የትዝታ ነው። «አባባ፣ ይቺን ለልጅ ልጅ ያቆዩዋት» ብዬ ሻያቸውን ጠጥቼ ወጣሁ። ሰብሳቢ ሰው፣ ገንዘብ የተረፈው፣ ለቤቱ ጌጥ የሚፈልጋት ከሆነ ይግዛት። ሒሳብ ለሚሠራ ሰው አትሆንም።

በዚያው ፈረስ መጋላ ላይ ታክሲ የሆኑትን ፔጆ 404ዎች ቆሜ ሳይ ነበር። 404 መሠራት የጀመረው በፈረንጆቹ 1960 ነው። ሐረር ላይ እስከ ዛሬ የሚሮጡት በተአምር አይደለም። አንዱ ሲሞት ለሌላው በር፣ መስታወት፣ ካምቢዮ ይሆናል። ሾፌሮቹም መካኒኮቹም ያን አንድ መኪና ብቻ በልባቸው ያውቁታል። መለዋወጫው በጠፋ ሞተር ላይ ብትቆርጡ እናንተም ይህንኑ አድርጉ፤ ሁለት ግዙ፣ አንዱን ለዕርድ። እኔ ለዲቲዋ ሬሳዋን ከአወዳይ ያገኘሁት በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነው አዲስ አበባ መደወል የቀነስኩት።

ስለ ረዳትም ትንሽ ልበል። ከሰዓት በኋላ ሞተር ፈትታችሁ ደጅ ከተቀመጣችሁ ድሬ ላይ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም። ምርቃና ሲመጣ ደግሞ ሁሉም መካኒክ ነው። «አቦ ይሄን ፍታው፣ ያን ቁረጠው» ይባላል። ጨዋታው ደስ ይላል፣ ግን የተፈታ ቡሎን ይጠፋል። የፈታችሁትን እያንዳንዱን ነገር በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ቡሎኖቹን በየቦታቸው ላስቲክ ውስጥ አድርጉ፣ ካርብሬተርና ካምቢዮ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠዋት ክፈቱ።

እንግዲህ ያማሃዋ አዋጣችህ ወይ ላላችሁኝ፤ በብር 13,500 አክስራኛለች። ያም ልሸጣት ብል ነው። በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፤ ሆንዳዋ ከ40 በላይ ትሄድ ነበር። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ልዩነት በየወሩ ይሰማል፣ ዘይቱም አለ። ለሥራ መመላለሻ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሲጂን ወይም የቻይና ዘመዶቿን ያዙ፤ ክርክር የለውም። ዲቲን የምይዛት ከሥራ ሌላ ኤረር በኩል አሸዋና ኮረት ላይ ስለማወጣት ነው። እዚያ ላይ ሆንዳዋ አትደርስባትም።

ቱ ስትሮክ ለምትይዙ ግን ስለ መንገዳችን ሁለት ነገር ልንገራችሁ፤ መጽሐፉ ላይ አታገኙትም። ካርብሬተር ከፋብሪካ ሲመጣ ጂግለሩ (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ) የሚለካው ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፤ እዚያ አየሩ ከጅቡቲው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይተናነቃል። ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ቡናማ ከሆነ አትንኩት። ጥቁር ከሆነ የካርብሬተሯን መርፌ ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ላይ አውጡት፤ ክሊፑ ሲወጣ መርፌዋ ትወርዳለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ነጭ ከሆነ ግን ቤንዚን አንሷታል ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ድሬ ውስጥ ሙሉ ጋዝ እንዳትሰጧት።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። የሞተሩ ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ዘይቱን ሰርባቶዮ ውስጥ የምትቀላቅሉ ከሆነ፣ ጋዙን ዘግታችሁ በማርሽ ከሐረር ወደ ድሬ የሚያወርደውን ደንገጎን ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። ፒስተን የሚነክሰው ዳገት ላይ ብቻ ይመስላችኋል፤ ቁልቁለት ላይም ይነክሳል። ስለዚህ በየመሐሉ ፍሪሲዮኑን ያዝ አድርጋችሁ ጋዙን ሁለት ሦስቴ ከፈት ከፈት አድርጉላት። ከኋላ ያለው አይሱዙ ጡሩምባ ቢነፋባችሁም ግድ የለም፣ ጥጋችሁን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።